የሻይ ሣጥኑ ዳኛ

በእኛ ሰፈር ልጅ ማሳደግ ትምህርት ይፈልጋል ቢባል ሰው ይስቅ ነበር። ልጅ ይወለዳል፣ ይታዘላል፣ ከጀርባ ይወርዳል፣ እግሩ ሲጠና ይላካል፤ ሌላ ምን አለው? እኔ ራሴ ታናናሾቼን አዝዬ ያደግኩ ነኝ። የቀሚሴ ጀርባ ደርቆ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። ታዲያ በተክለ ሃይማኖት በኩል አንድ የሴቶች ማኅበር አዳራሽ ከፍቶ ለልጃገረዶች የሕፃናት አያያዝ ያስተምራል የሚል ወሬ ሲመጣ እናቴ ሳቀች። እነሱ አንቺን ከሚያስተምሩ አንቺ እነሱን ብታስተምሪ ይቀላል አለች። የላከችኝ ስፌትም አብሮ አለ ስለተባለ ብቻ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ እኔ አሥራ አራት ዓመቴ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በአባቴ ሱቅ፣ በርበሬና ጨው ከምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ጋዜጣው ሁልጊዜ ከወገቡ የተቀደደ ስለሆነ የወሬውን መጨረሻ ከራሴ እሞላው ነበር። ወሬ ማስረዘም የለመድኩት ያኔ ነው፤ እንግዲህ ታገሡኝ።

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳው በኖራ የተለቀለቀ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። ጠዋት ጠዋት የገበያ እናቶች ልጆቻቸውን እዚያ ትተው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ፤ በርበሬ የምትሸጠዋ፣ ቅቤ የምትነግደዋ፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትቸረችረዋ። እኛ ልጃገረዶቹ ደግሞ አንድ አንድ ልጅ ይሰጠናል። ልጁን ማጫወት፣ ማብላት፣ ማስተኛት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማየት ነው ሥራችን። ቀትር ላይ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ አስተማሪያችን በርጩማ ላይ ይቀመጡና በየተራ፣ ልጅሽ ዛሬ ምን አደረገ ብለው ይጠይቁናል።

አስተማሪያችን ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። አልወለዱም። ይህ ለእኛ ትልቅ መሳቂያ ነበር። በተለይ ጓደኛዬ፣ አባቷ ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ "ሱቅ ሳይኖራቸው ስለ ንግድ የሚመክሩ" እያለች በጆሮዬ ስታንሾካሹክ ሳቄን በነጠላዬ አፍን ነበር።

የመጀመሪያው ትእዛዛቸው ደግሞ የባሰ አሳቀን። ልጁ ካላለቀሰ ወይም የሚጎዳው ነገር ካልመጣ በቀር ሳምንቱን ሙሉ እጃችሁን እንዳታስገቡ አሉን። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ እጃችንን ከነጠላችን ሥር ከተን፣ እንድናይ ብቻ። ጓደኛዬ ነጠላ ስላልለበሰች እጇ ላይ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። ልጅ ሲንገዳገድ እጇ ከዓይኗ ቀድሞ ለሚሮጥ ለመርካቶ ልጅ፣ ይህ ከጾም ይከብዳል።

የእኔ ልጅ የመጣው በሻይ ሣጥን ነው።

እውነቴን ነው። እናቱ ሸክላ ተራ ድስትና እንስራ የምትሸጥ ወጣት ሴት ናት፤ ሁለተኛ ልጅ አርግዛ ሆዷ መግፋት ጀምሯል። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ስለሆነ ኑሮው የአሰብ መንገድ ላይ ነው። ልጁን፣ ሻይ ከውጭ ታሽጎ በሚመጣበት በስስ ጣውላ ሣጥን ውስጥ፣ ሸክላ እንዳይሰበር በሚጎዘጎዝለት ጭድ መሀል አስቀምጣ፣ ሣጥኑን ወገቧ ላይ ደግፋ አመጣችው። ሁለት ዓመት አልፎታል። ፊቱ ክብ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይኑ ዝም ያለ ነው። ምንጣፉ ላይ ሳስቀምጠው እግሩን ዘርግቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ችሎት እንደሚያስችል ሰው ተቀመጠ። ጓደኛዬ ወዲያው "ዳኛው" አለችው፤ ስሙ ሆኖ ቀረ።

ለጓደኛዬ የደረሰቻት የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ ተናካሽ ነበረች። የጓደኛዬ ክንድ በየቀኑ አዲስ የጥርስ ማኅተም ይዞ ይመለሳል። ዳኛው ግን አይናከስም፣ አያለቅስም፣ የሰው ዳቦ አይቀማም። ሌሎቹ በጠጠርና በቅጠል ገበያ አቁመው "ጨምሪ"፣ "አልጨምርም፣ ሂጂ ወዲያ" እያሉ ሲጣሉ እሱ ከተቀመጠበት አይነቃነቅም። እናቶቹ ሁሉ ለየልጆቻቸው ምሳሌ አደረጉት፤ እሱን እየው፣ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ይላሉ። በእኛ አገር ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ እንደ ምርቃት ነው የሚቆጠረው። እኔም ጨዋ ልጅ ስለደረሰኝ ከሴቶቹ ሁሉ የተመረጥኩ መሰለኝ።

ቀትር ላይ ተራዬ ሲደርስ ኮራ ብዬ፣ "ምንም አላደረገም፣ እትዬ" አልኩ።

"ምንም?"

"ምንም። በጣም ጨዋ ነው።"

አስተማሪያችን ወደ ተኛው ልጅ ትንሽ አዩና፣ "ምንም የማያደርግ ልጅ የለም፤ አንቺ ገና አላየሽውም ማለት ነው" አሉኝ። ጓደኛዬ በተነከሰ ክንዷ ጎሸመችኝ።

በዚያው ቀን እናቱ ገበያ ይዟት ስለዘገየች ሣጥኑን ተሸክሜ ሸክላ ተራ ወሰድኩት። መንገዱ ጠባብ ነው። ግራና ቀኝ ጋኑ፣ በጋኑ ላይ እንስራው፣ በእንስራው ላይ ማሰሮው ተደራርቦ፣ በግ ቢያስነጥስ የሚናድ ይመስላል። እናቱ ሣጥኑን ከእጄ ተቀብላ በሁለት ጋን መሀል አስገባችው፤ ቦታው ልክ በልኩ ነው። ዳዴ በሚልበት ጊዜ አንድ ቀን እንስራ ገፍቶ ሰብሮ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ ከሣጥን አልወጣም። እጁን ሲዘረጋ "ተው"፣ ቀና ሲል "ተው" እየተባለ ያደገ ልጅ ነው።

ለምን በእግሩ አይሄድም ብዬ ጠየቅኳት። ድስት እየወለወለች ነገረችኝ። ወጌሻ አገላብጦ አይቶት አጥንቱ ደህና ነው ብሏል። ጠበልም ወስዳዋለች። ጎረቤቱ ሁሉ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለ ያጽናናታል።

"እንቁላሉስ ሄደ" አለችኝ። "ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ እሷም ወልዳ ጫጩቶቿ ሄዱ። የቀረው የእኔ ነው።" እየሳቀች ነበር የጀመረችው፤ ስትጨርስ ፊቷን ወደ ጋኖቹ አዞረች።

ነገሩ ወዲህ ነው። የባሏ እናት ለጥምቀት ከጎጃም ይመጣሉ፤ ሲመለሱም ልጁን ይዘውት ሊሄዱ ተቆርጧል። ሁለተኛው ሲወለድ አንዱን በጀርባ፣ አንዱን በሣጥን ይዛ ሸክላውን በምኗ ትሸከማለች? ባሏም ተስማምቷል። በእግሩ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ቀሚሷን ይዞ ይከተላት ነበር፤ የማይሄድ ልጅ ግን አገር ቤት ይደግ ተባለ።

"ሲመልሱልኝ አያውቀኝም" አለች። ከዚያ ገዢ መጣባትና ዋጋ ወደ መጥራቷ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን በኋላ የዳኛው ጨዋነት አላኮራኝም።

በማግሥቱ የአስተማሪያችንን ትእዛዝ ረስተን ዘመትንበት። ከጓደኛዬ ጋር ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘን አቆምነው፤ እግሩን እንደታሰረ ዶሮ ወደ ላይ ሰብስቦ ተንጠለጠለ። ሙዝ ልጠን ራቅ አድርገን አሳየነው፤ አየው፣ እስኪመጣለት ጠበቀ፣ በመጨረሻም አሳዘነንና ሰጠነው። ጓደኛዬ ልታስቀው ብላ እንደ ፍየል ዘለለች። እሱ ፍርድ ሳይሰጥ ተመለከታት፤ ሌሎቹ ልጆች ግን ወደዱትና እስከ ቀትር ሲያዘልሏት ዋሉ። ድካሟን አውርታ የማትጨርሰው እሷ፣ ያን ዕለት ማውራቱንም ትታ ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተኛች።

አስተማሪያችን ከበሩ ሆነው ሁሉንም አይተዋል። "ልጅ እንደ ጎመን ተጎትቶ አያድግም። እጃችሁ የት ነው?" አሉን። እጃችንን ወደ ቦታው መለስን።

እንግዲህ ማየት ሆነ። ልጅን ማየት ቀላል የሚመስለው ለማያየው ነው። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው የጣቱ አንጓ ነው። የወተት ኩባያ ስሰጠው ከመጠጣቱ በፊት በጣቱ አንጓ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ያዘነብላል። ወለሉንም እንደዚያው። የአግዳሚ ወንበሩን እግርም እንደዚያው። ጓደኛዬ አጠገቡ ስትቀመጥ ጉልበቷን መታ መታ አደረገና ፊቱን አጨማደደ። "ይኸው፣ ፈረደብኝ" አለች። ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ሁለታችንም አልገባንም።

የገባኝ ሸክላ ተራ ነው። ሣጥኑን ስመልስ እናቱ ለአንዲት ሴት ድስት ትመርጥላት ነበር። ድስቱን በግራ መዳፏ አንጠልጥላ፣ በቀኝ ጣቷ አንጓ መታ መታ አድርጋ፣ ጆሮዋን አዘነበለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለበትና ወደ ጓሮ ይሄዳል። ዞር ስል ልጁ ከሣጥኑ ውስጥ፣ በዚያው ቅጽበት፣ የሣጥኑን ጣውላ መታ መታ አድርጎ፣ እንደ እናቱ አንገቱን ወደ ቀኝ ጣል አድርጓል።

ለካ ዳኛው ሥራ ላይ ነው! ምንም አያደርግም ስለው፣ እሱ እዚያ ጭድ ውስጥ ተቀምጦ የእናቱን ሙያ ሲማር ኖሯል። እያየሁት ብቻዬን ሳቅኩ። እናቱ ምን አገኘሽ ብትለኝ፣ ነገ እነግርሻለሁ ብያት ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

በማግሥቱ ተራዬ እስኪደርስ መቀመጫዬ ላይ አልረጋሁም። "ይፈትሻል፣ እትዬ። ሁሉን ነገር ይፈትሻል" አልኩና አድራጎቱን በጣቴ አሳየኋቸው። አስተማሪያችን ሲስቁ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ታዲያ የሚፈትሸውን ነገር የት ብታደርጊለት ይሻላል ብለው ጠየቁኝ። መልስ አይሰጡም፤ ክፋታቸው እሱ ነበር። እኔ ሳስብ ጓደኛዬ ቀደመችኝ፤ "አግዳሚው ላይ ነዋ።"

እናቱን የተሰነጠቁ ድስቶች ለመንኳት። ፍም ካልያዙበት በቀር ምን ያደርግልሻል እያለች፣ ግራ እየተጋባች ሰጠችኝ። እኔ ከአባቴ ሱቅ ባዶ ጣሳዎች አመጣሁ፤ ጓደኛዬ ቅል አመጣች። አንዱን ጣሳ ወለሉ ላይ፣ ሌላውን ሁሉ በረጅሙ አግዳሚ ላይ ደረደርነውና ተቀመጥን። ዳኛው ወለሉ ላይ ያለውን ጣሳ ፈተሸ። ቀና ብሎ ድርድሩን አየ። እጁን ሰደደ፤ አልደረሰም። ወደ እኛ ዞሮ አየን። ጓደኛዬ እጇ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ ነጠላዬን ከሥር በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዣለሁ።

አግዳሚውን ጨበጠ። ተንበረከከ። ከዚያ አንዱን እግር፣ ቀጥሎ ሌላውን ተክሎ ቀጥ አለና የመጀመሪያውን ድስት መታ መታ አደረገ። አንገቱን ጣል። ወደ ጎን አንድ እርምጃ፤ ጣሳ። አንድ እርምጃ፤ ቅል። ቅሉ ግራ ሳያጋባው አልቀረም፤ ደግሞ ደጋግሞ ፈተሸው።

በአገራችን ልጅ መጀመሪያ ሲቆም እየተጨበጨበ "ወፌ ቆመች" ይባልለታል። ይህ ሳይባልለት ያደገ ያለ አይመስለኝም። ለዳኛው ግን ማንም ብሎለት አያውቅም። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ እጄን ለጭብጨባ ሳወጣ አስተማሪያችን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። "ተዪው። ይህን የምትለው እናቱ ናት" አሉኝ በለሆሳስ። ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ቆርቆሮ ተራን መሰለ። ልጆቹ ሁሉ ከዳኛው ተምረው ያገኙትን ይፈትሻሉ፤ የአስተማሪያችንን ጫማ ሳይቀር። እኛ ሁለተኛ አግዳሚ አምጥተን ከመጀመሪያው ትንሽ አራቅነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨመርንበት። እሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ይወድቃል፣ የወደቀበትን ወለል ይፈትሻል፣ ይነሣል። አንድ ቀን ሳይይዝ ተሻገረ። ጓደኛዬም የራሷን ልጅ ማየት ስትጀምር ተናካሿ የምትናከሰው እንቅልፏ ሲመጣ ብቻ መሆኑን ደረሰችበት፤ አፏን ከመክፈቷ በፊት ማስተኛት ሆነ። ክንዷ ዳነ።

ችግሩ ሸክላ ተራ ነበር። የገና ገበያ ደርሶ እናቱ ጠዋት ልጁን ጥላ ስለምትሮጥ አዳራሹ ቆይታ ልታይ አልቻለችም። ይሄዳል ብዬ ብነግራት ሥራዋን ጥላ አውርጂው አለችኝ። ከሣጥን አውጥቼ በጋኖቹ መሀል ሳስቀምጠው፣ ዳኛው እግሩን ዘርግቶ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ። ብንጠራው፣ ብንለምነው፣ አልተነሣም። እናቱ አየችኝ፤ ወሬ እንደምወድ ታውቃለች።

"እዚህ የተማረው መቀመጥ ነው" አልኳት። "ሣጥኑን በጎኑ አጋድሚለት፣ እትዬ። ሲፈልግ እንዲወጣ።"

"ሸክላዬን ማን ይጠብቅልኛል?"

"እሱ። ከእሱ የበለጠ ማን ያውቀዋል?"

ወደ ድስቶቿ ዞረች። ያ ሸክላ እንጀራዋ ነው፤ እኔ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነኝ። ሣጥኑ እንደቆመ ትቼው ሄድኩ።

ጥምቀት ሲቃረብ፣ ዳኛው አዳራሽ ሳይመጣ በዋለበት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ልናየው ስንደርስ አያትየው መጥተው አገኘናቸው። ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ ያደረጉ፣ አነጋገራቸው ቆፍጠን ያለ የጎጃም ሴት ናቸው። በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ልጁን የሚያዝሉበት አዲስ አንቀልባ፣ ቆዳው ገና የሚሸት፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልቤ ስንጥቅ እንዳለበት ድስት ታፈነ።

ከዚያ ሣጥኑን አየሁት። በጎኑ ተጋድሟል። እናቱ፣ ማንም ዳግመኛ ሳይነግራት፣ ያን ጠዋት አጋድማዋለች። እሷም እንዳየሁ አየችና ዓይኗን ሰበረች።

አያትየው ወደ አገር የሚወስዱት ድስት እየመረጡ ነበር። አንዱን አነሡ፣ ገለባበጡ፣ ይህ ይሁንልኝ ብለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ስለ አውቶቡሱ መንገላታት ያወሩ ጀመር። ሳይፈትሹት! ዳኛው ከተጋደመው ሣጥን ውስጥ ድስቱን አየ። ሌላ ሰው አላየም፤ ድስቱን ብቻ። እጄን ከነጠላዬ ሥር ከተትኩ። ጓደኛዬ የምትቀመጥበት ስታጣ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች።

ልጁ በዳዴ ወጣ። የጋኑን ጎን ተደግፎ ተነሣ። እናቱ "ተው" ልትል አፏ ተከፈተ፤ በራሷ መዳፍ ከደነችው። እሱ ጋኑን ለቀቀ። በማሰሮዎቹ ክምርና በእንስራዎቹ መሀል፣ ለአዋቂ እግር በማይበቃው ስንጥቅ መንገድ፣ እጆቹን ከደረቱ ሰብስቦ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ሄደ። አንዲት ማሰሮ አልነካም። አያትየው ዘንድ ደረሰና ድስቱን መታ መታ አድርጎ አንገቱን ጣል አደረገ። ድስቱ ጥርት ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ የአያቱን ጉልበት መታ መታ አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

"ምን እያደረገኝ ነው?" አሉ አያትየው።

ጓደኛዬ፣ "እየፈተሸዎት ነው፣ እማማ" አለቻቸው።

"እና ምን አለ? ተሰንጥቄያለሁ?"

ይህን ጊዜ እናቱ ዘላ ተነሣች። ያን ሁሉ ጊዜ ከልጁ የተጠበቀው ሸክላ፣ በገዛ ባለቤቱ ሆድ ተገፍቶ፣ የማሰሮው ክምር ከላይ እስከ ታች ተናደ። በዚያ ጫጫታ መሀል እሷ እያጨበጨበች፣ "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" ትላለች። ጎረቤት ሻጮች አደጋ መስሏቸው ሮጠው መጡ። ምን ተሰበረ ሲሏት፣ በእግሩ መጣ ትላለች፤ ማን ሰበረው ሲሏት፣ ብቻውን መጣ ትላለች። በመጨረሻ ሲገባቸው እልልታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀባበለ። እኔም ለወራት የዋጥኩትን ቃል ያኔ አወጣሁት።

አያትየው ከበርጩማቸው አልተነሡም። ልጁ በገሎቹ መሀል ቁጢጥ ብሎ አንዱን ገል ሲፈትሽ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንቀልባውን አነሡና በምራታቸው ጭን ላይ አስቀመጡት።

"ይኸ ለሚመጣው ይሁን" አሉ። "ይኸኛው ሥራ አለው።"

በማግሥቱ ቀትር ላይ አስተማሪያችን በርጩማቸውን ስበው፣ ልጅሽ ምን አደረገ ብለው ጠየቁኝ። ልጆቹ ሁሉ ከእንቅልፍ ተነሥተው በየጣሳው ላይ መፈተሽ ሲጀምሩ እኔ በወሬዬ ገና አያትየው ከአውቶቡስ ሲወርዱ ላይ ነበርኩ።